ፍሪሲዮኑ የከበደው የት ላይ ነው?

ፍሪሲዮን የሚለውን ቃል ሳታውቁ ያደጋችሁ የከተማ ልጆች እንዳላችሁ እናውቃለን። ቤታችሁ ያለችው መኪና አውቶማቲክ ከሆነችና ሚኒባስ ላይ ጋቢና የመቀመጥ ዕድል ካልገጠማችሁ፣ በግራ በኩል ያለችው ሦስተኛዋ ፔዳል ምን እንደምትሠራ ጠይቃችሁ አታውቁ ይሆናል። አንፈርድባችሁም። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ጭራሽ የላቸውም። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏልና ቃሉ ቀስ በቀስ ጡረታ መውጣቱ አይቀርም። ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ታሪክ አለብን።

በቅድሚያ ማብራሪያ። "እኛ" እያልን የምንጽፈው የነገሥታት ዘር ስላለብን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ "እኛ" ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ታላቋ በጋዜጠኝነት ተመርቃ የመሥሪያ ቤት ብሮሹር የምታርም፣ ታናሿ ደግሞ ስልክ ይዛ ቪዲዮ የምትቀርጽ። ሁለታችንም መንጃ ፈቃድ የለንም። (ሳቁ፤ ቢሆንም ንባባችሁን አታቋርጡ።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከእናታችን ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ እንበላቸው፤ ቤታችን ውስጥም የሚጠሩት እንደዚያው ነው። ጋሼ የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ይነዱ ነበር። ቮልስ በዚያ ዘመን የደሞዝተኛ መኪና ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ ሲወሰዱ ጋሼ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ታሪኩ በተነሳ ቁጥር፣ "ሰዉ ሁሉ ስለ ዙፋኑ ያወራል፤ እኔ ግን ያሰብኩት የኋላ ወንበሩ እንዴት እንደሚጠብ ነበር" ይላሉ።

ከዚያ አሜሪካ ሄዱ። ዋሽንግተን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነዱ። ታክሲዎቹ አውቶማቲክ ነበሩ። "ቀኝ እግሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ግራው ተቀምጦ ደሞዝ ይበላ ነበር" የምትለዋን ቀልድ ከእኛ በፊት የሰማ አማርኛ ተናጋሪ በሙሉ በቃሉ ያውቃታል።

ፖርሼ ለብሳ የመጣች ቮልስ

ልጃቸው እዚያው የተወለደ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ግሶቹን ፍለጋ ይሄዳል። እሱ ነው ከጥቂት ዓመታት በፊት "ለአባቴ መኪና ልሠራ ነው" ብሎ የጀመረው። የገዛው መኪና አልነበረም። ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን ግማሽ መኪና ከነዕቃው ገዛ። የፖርሼ 356 ስፒድስተር ቅጂ ነው።

ስፒድስተር ምንድን ነው ለምትሉ፣ ጣሪያዋ ተገላጭ፣ የፊት መስተዋቷ አጭር፣ ከሩቅ ስትታይ የተገለበጠ የገላ መታጠቢያ ገንዳ የምትመስል ባለሁለት መቀመጫ ናት። የኒው ዮርኩ የመኪና አስመጪ ማክስ ሆፍማን "አሜሪካውያን የሚገዙት ርካሽና ክፍት መኪና ሥሩልኝ" ብሎ ስለጎተጎተ በ1954 ወጣች። ዋጋዋ ያኔ ከ3,000 ዶላር በታች ነበር። ዛሬ እውነተኛዋን ለመግዛት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ የታክሲ ነጂ ልጅ የሚያደርገውን አደረገ። ከላይ የፋይበርግላስ አካል፣ ከሥር ደግሞ የቮልስ ሻንሲና ሞተር!

ይህ "ማጭበርበር" የሚመስለው ሰው ካለ ታሪክ ይመለስ። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። ልጁ ፌሪ በ1948 የመጀመሪያውን ፖርሼ 356 ሲያወጣ ብዙውን ዕቃ የወሰደው ከአባቱ ቮልስ ላይ ነበር። እንዲያውም ፖርሼ ራሷ በጥሩ ልብስ የተሞሸረች ቮልስ ሆና ነው የተወለደችው። የአጎታችን ልጅ የሠራት ቅጂ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች ማለት ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። ያለቀሱት ለፖርሼዋ አልነበረም። ሞተሩ ተነስቶ ያንን የቮልስ ድምፅ ሲሰሙ ነው።

ችግሩ

መኪናዋ አለቀች። ተቀባች። ችግሩ ግን ፍሪሲዮኑ ከበደ። ፔዳሉን እስከ ታች ለመርገጥ ወንበሩ ላይ ተደግፎ መግፋት ይጠይቃል። የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ይችለዋል። ጋሼ ግን የግራ ጉልበታቸው ባለፈው ዓመት ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ሐኪሙ "እግርህን አሠራው፣ ግን አታስገድደው" ብሏቸዋል።

አንድ ቀን ልጃቸው ማታ ወደ መኪናው ማደሪያ ሲገባ አባቱን ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው። ፔዳሉን እየተለማመዱ ነበር። ይረግጣሉ፣ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይረግጣሉ። ሲያዩት "ቆንጆ ናት" አሉና ወጡ። በማግሥቱ ደግሞ "ልጄ፣ እኔን ብለህ አትድከም፤ ገዢ ካገኘህ ሽጣት" አሉት።

የአበሻ አባት "ሽጣት" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም።

ልጁ መኪናዋን እዚያው ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። "ሞተሩ ይውረድ፣ የፍሪሲዮን ዲስኩና የሚጫነው ሳህን አብረው ይቀየሩ" ተባለ። ሌላው ደግሞ "ገመዱን አውጥተን በዘይት ግፊት የሚሠራ እንግጠምለት" አለው። ሁለቱም ብር ይጠይቃሉ። ሁለቱም ግን ፔዳሉ ለምን እንደከበደ አልነገሩትም። በዚህ መሀል ገዢ ተገኘ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥቶ ሊያያት ተቀጣጠረ።

ያኔ ነው ወደ እኛ የደወለው። "አዲስ አበባ ቮልስ የሚሠራ ሰው አለ አይደል?" አለን። አለ እንጂ!

ነገርን ከሥሩ

ጉለሌ አካባቢ ያለች አንዲት ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቮልስ የሠሩ አንድ አባት አሉ። "ስሜን እንዳትጽፉ፣ ወረፋ ይበዛብኛል" ስላሉን አንጽፍም። ሁለት ሴቶች ገብተን "ፍሪሲዮን የከበደው መኪና አለን" ስንል ልጆቹ "ወንድማችሁ የለም እንዴ?" አሉን። "መኪናዋ የት አለች?" ሲሉ ደግሞ "አሜሪካ" አልን። ከዚያ በኋላ ወንድም የጠየቀን የለም። ሁሉም ሥራውን አቁሞ ተሰበሰበ።

እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እዚያ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት። ታናሿ ስልኩን ያዘች። ታላቋ አስተርጓሚ ሆነች። ምክንያቱም የአጎታችን ልጅ "ክለች" ይላል፣ ባለሙያው "ፍሪሲዮን" ይላሉ። እሱ "ጊርቦክስ" ይላል፣ እሳቸው "ካምቢዮ" ይላሉ። እሱ "ዋሸር" ሲል እሳቸው "ሮንዴላ"። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ረስቶት ስለሄደ ይኸው እኛ ከእንግሊዝኛ ወደ ጣልያንኛ በአማርኛ ስናስተረጉም ዋልን።

ባለሙያው መጀመሪያ ያሉት ነገር አስገረመን። መፍቻ አላነሱም፤ ጥያቄ አነሱ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የከበደው?"

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉ ስድስት ጥያቄዎች አሉ። አራት ዓመት ሙሉ ተምረናቸዋል። ጉለሌ ላይ፣ ዘይት በነካው ካፖርት ውስጥ፣ እንዲህ በቅደም ተከተል ሲጠየቁ ግን የመጀመሪያችን ነበር።

ለምን "መቼ" እንደሚቀድም አስረዱን። ፍሪሲዮን በድንገት ከከበደ አንድ ነገር ተሰብሯል፤ ወይ የሽቦው ገመድ ክር በጥሷል፣ ወይ ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ ከተበየደበት ተላቋል። በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ከከበደ ደግሞ አንድ ነገር ደርቋል ወይም አልቋል፤ ግራሶ ያጣ ዘንግ፣ የተበላ ቡሽ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከባድ ከሆነ ግን ያረጀ ነገር አትፈልግ፤ ስትገጣጠም የተበላሸ ነገር ፈልግ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ" አለ ልጁ።

"እንግዲያውስ ጋራዡ ያላችሁ ሳህንና ዲስክ ንጹሕ ሊሆን ይችላል" አሉ። "ከፋብሪካው የጠነከረ ሳህን ገጥማችኋል? ለውድድር የሚሆን?" አይ፣ የድሮው ዓይነት፣ ባለ 200 ሚሊ ሜትር ነው። "ጥሩ። ፎቶዋን አሳዩኝ።"

አሳየናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስልኩን አስጠግተው አዩ። ከዚያ ሳቁ።

"ይቺን ልጅ ከወገቧ ቀንሰዋታል!"

አንድ ፔዳል፣ አምስት ተጠርጣሪ

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እናስረዳ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። ሹፌሩ ያለው ከፊት። ስለዚህ ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ የሽቦ ገመድ ይጎትታል። ገመዱ በመኪናዋ ወለል መሀል እንደ አከርካሪ በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ፣ በቀጭን የብረት ቱቦ ተመርቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዋሻው ሲወጣ በተጣጣፊ ቱቦ አልፎ ካምቢዮው ጎን ያለ አንድ ዘንግ ላይ በባለክንፍ ዳዶ ይታሰራል። ዘንጉ ሲዞር ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ሳህኑን ይገፋዋል፣ ሳህኑ ዲስኩን ይለቀዋል፣ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። ማርሽ የምትገባው ያኔ ነው።

ስለዚህ "ፍሪሲዮን ከበደ" ማለት ተጠርጣሪው አምስት ነው ማለት ነው፤ ፔዳሉ፣ ገመዱ ከነቱቦው፣ ኋላ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ፣ የካምቢዮው ዘንግ፣ በመጨረሻ ሳህኑ። እግራችን የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ አይነግረንም። አንደኛው ጋራዥ የጠረጠረው በጣም ውዱንና በጣም ውስጥ ያለውን ነበር። ባለሙያችን የጀመሩት ግን በአንድ ዳዶ ነው።

"ከመኪናው ሥር ከመግባትህ በፊት በክሪክ ብቻ እንዳትተማመን በልልኝ" አሉ። ጎማዎቹ ይታገዱ፣ መኪናዋ በቋሚ ብረት ላይ ትቀመጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ባለክንፉ ዳዶ ይፈታ። ገመዱ ከካምቢዮው ተለየ ማለት ነው። አሁን አንድ ሰው የገመዱን የኋላ ጫፍ በፒንሳ በቀስታ ወደ ኋላ ይሳብ፣ ሌላው ፔዳሉን በእጁ ይግፋ።

ልጁ ከሥር ገባ። ጋሼ ፔዳሉን በእጃቸው ገፉ። ገመዱ ምንም አልተሸከመም፤ ሳህንም የለም፣ ኩሽኔታም የለም። ፔዳሉ ግን አሁንም ያቃስታል!

ጉለሌ ያለው ሕዝብ በሙሉ "እ!" አለ።

ውዱ ተጠርጣሪ በአምስት ደቂቃ ነጻ ወጣ። ሞተር ማውረድ አላስፈለገም። የቀረው ፊት ለፊት ያለው ነው። ቀጥሎ ገመዱ ከፔዳሉ ሜንጦ ላይ ተላቀቀ። ፔዳሉ ብቻውን ሲገፋ እንደ ቅቤ ሄደ። እሱም ነጻ። ኋላ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፎቶ ታየ። ይህ ቱቦ በልክ መጎበጥ አለበት፤ የፋብሪካው ልክ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ነው። በጣም ከጎበጠ ገመዱን ያንቀዋል፣ በጣም ከቀና ደግሞ መኪናዋ ስትነሳ ትንገጫገጫለች። ልኩ የሚስተካከለው ሮንዴላ በመጨመርና በመቀነስ ነው። የእሱ ልክ ላይ ነበር።

"እንግዲህ ሌባው ዋሻ ውስጥ ነው" አሉ ባለሙያው። "ገመዱን ሙሉ በሙሉ አውጣው። ጥረገው። ከዚያ በጣትህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሰው።"

ልጁ ገመዱን አውጥቶ በጨርቅ ጠረገው። ቀስ ብሎ ዳበሰ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ፤ ወግቶታል። ስልኩን አስጠጋ። ሌላው ሁሉ ጠቆረ፣ ያች የጣት ርዝመት የምታህል ቦታ ግን እንደ ብር ታበራለች። ሦስት ክሮች ተበጥሰው ቆመዋል።

"ከፊት ጫፉ እስከዚያ ድረስ ለካ። ያንኑ ልክ መኪናዋ ላይ ለካ።"

ለካ። ሜትሩ መቀመጫው ሥር አረፈ። ምንጣፉን ገለጠው። ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ የብየዳ ጠባሳ አለ።

ሠላሳ ሳንቲ ሜትር

የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.40 ሜትር ነው። የፖርሼ 356 ደግሞ 2.10 ሜትር። የፖርሼ ልብስ ለቮልስ እንዲሆን ሻንሲዋ መሀል ላይ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይወጣና ሁለቱ ግማሾች እንደገና ይበየዳሉ። ባለሙያው ከፎቶው ያዩት ይህንን ነው። ሻንሲው ሲቆረጥ ደግሞ ዋሻው ብቻ አይቆረጥም። ውስጡ ያሉት ቱቦዎችም ይቆረጣሉ።

መኪናዋን የጀመረው የማናውቀው ሰው ወለሉን አሳምሮ በይዶታል። ከላይ ቢታይ እንከን የለውም። ውስጥ ያለችውን ቀጭን ቱቦ ግን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ አልፏታል። ሁለቱ ጫፎች ትንሽ ተሳስተዋል፣ የብየዳው ጠብታም ወደ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ገመዱ በዚያች ጥርስ ላይ እየታጠፈና እየተፋቀ ነበር የሚያልፈው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለብየዳም ነው።

ጥገናው ራሱ አጭር ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን ረጅም ነበር። ልጁ "ግራይንደር አለኝ፣ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ" ሲል ባለሙያው ከመቀመጫቸው ተነሱ። በተረጋጋ ድምፅ ሲያወሩ የነበሩት ሰው ጮኹ። "በዚያው ዋሻ ውስጥ የቤንዚን ቧንቧ ያልፋል በይው! ቤንዚን!" እውነት ነው። የቮልስ ታንከር ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ የሚያልፈው በዚሁ ዋሻ ነው። ገመዱን የሚፈልግ እሳት ቤንዚኑን ያገኘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ታንከሩ ተነቅሎ ከቤት ውጭ ወጣ፣ ቧንቧው ከሁለት ጫፉ ተፈትቶ ተሳበ፣ ዋሻው በነፋስ ተናፈሰ። ይህን ብቻ ለመሥራት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ለብየዳውም ልጁ ራሱን አላመነም፣ ባለሙያ ጠራ።

በሁለተኛው ቀን ዋሻው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል መስኮት ተከፈተች። ጥርሷ ታየች። ያ ክፍል ተቆርጦ ወጣ። በምትኩ አዲስ ቁራጭ ገባና መጋጠሚያዎቹ ላይ ሰፋ ያለ ቱቦ እንደ ቀለበት ተደረበ። ሲያያዝ መስመሩ እንዳይሳሳት ቀጥ ያለ ብረት ከውስጥ አስገብተውበት ነበር። ይህን ዘዴ የነገሩት ባለሙያችን ናቸው። አዲስ ገመድ፣ በግራሶ ተቀብቶ፣ ገባ።

"በስንት ጣት ይሄዳል?" ጠየቁ።

"በሁለት" አለ ልጁ። እየሳቀ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ባለክንፉ ዳዶ ነው። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በባዶ መሄድ አለበት። ይህ ባዶ መንገድ ከሌለ ኩሽኔታው ዕረፍት ያጣል፣ ዲስኩም ያለ ጊዜው ያልቃል። ከበዛ ደግሞ ሳህኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ይቀርና ማርሽ ሲገባ ይጮኻል። ልጁ በማስመሪያ ለክቶ አሰረው።

በነገራችን ላይ ስለ ሁለተኛው ጋራዥ ምክርም ጠይቀናቸዋል። በዘይት የሚሠራው ፍሪሲዮን ቢገጠም ኖሮስ? ቢዋሹ ማን ያውቅባቸው ነበር? እሳቸው ግን "ይቀል ነበር" አሉ። "ዘይቱ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ያችን ጥርስ ዞሯት ያልፋል። መኪናዋ ትድናለች፤ እናንተ ግን ምን እንደነበረ ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ያላወቃችሁት ነገር ደግሞ ሌላ ቀን በሌላ በር ይመጣል።"

ይህችን ብሮሹር ላይ ልንጽፋት ሞክረን ነበር። አለቃችን "ከርዕሱ ጋር አትሄድም" ብሎ አወጣት።

ግራ እግር ሥራ ሲገባ

ገዢው በተባለው ቀን መጥቶ እንደነበር ሰምተናል። መኪናዋ ግን ቤት አልነበረችም።

ጋሼ ይዘዋት ወጥተው ነበር። ልጃቸው ጎናቸው ተቀምጦ ቪዲዮ ይቀርጽ ስለነበር ሁሉንም አይተናል። መጀመሪያ ላይ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ጠፋችባቸው። ሦስተኛው ላይ ተነሳች። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እጃቸው አላመነታም። ልጃቸው ካሜራውን ወደ እግራቸው ዝቅ አደረገው። ግራ እግራቸው ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ወደ ፊታቸው ሲያነሳው ግን ከንፈራቸውን እየነከሱ አልነበረም። አንድም ቃል አልተናገሩም። የቀይ መብራቱ ላይ ሲቆሙ ብቻ፣ አጠገባቸው የቆመች የታክሲ ሹፌር "ቆንጆ መኪና ነው፣ ፖርሼ ነው?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ በአማርኛ መለሱላት። "ቮልስ ናት።"

ማታ ሲደውሉ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅናቸው። "ደክሞታል" አሉ። "ግን ሠርቶ የደከመና ታስሮ የደከመ አንድ አይደለም።" ከዚያ የባለሙያውን ስልክ ቁጥር ጠየቁን። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ስለ ፍሪሲዮን ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። የሚበዛውን ጊዜ ያወሩት በ1960ዎቹ ስለነበረው ፒያሳ ነው አሉ።

ልጁ ገንዘብ ልላክ ብሎ ነበር። ባለሙያው እንቢ አሉ። "የሠራሁት ነገር የለም፤ የጠየቅሁ ብቻ ነኝ" አሉ። (እኛ የመጠየቅ ዲግሪ ያለን ሰዎች ይህን ዋጋ ስንሰማ ትንሽ ከፋን።) ሲለመኑ ግን አንድ ነገር ጠየቁ። አሮጌውን ገመድ።

ገመዱ ከሜሪላንድ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሁለት ጥንድ ጫማና ከቫይታሚን ብልቃጥ ጋር ተጠቅልሎ ቦሌ ደረሰ። እኛ ወስደን አስረከብን። አሁን ጉለሌ ያለችው ጋራዥ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሏል። አዲስ የሚገባ ተለማማጅ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ይዳብሰዋል። የሚያበራውን ቦታ በጣቱ ካገኘ መፍቻ ይሰጠዋል።

ታናሿ በመጀመሪያው ሙከራ አገኘችው። ታላቋ እየተለማመደች ነው።

ቸር ያሰንብተን!